በጋሽ ጌታሁን ጣሪያ ላይ የነበረው ተርባይን

ሐሙስ፣ ከአዳማ ወደ ሐረር

ከአዳማ የተነሳሁት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ለሥራ ነው የምሄደው ብል እዋሻለሁ፤ ለለቅሶ ነው ብል ደግሞ አንድ ዓመት ዘግይቻለሁ። በሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ሸሚዝ፣ መፍቻዎች፣ መልቲሜትርና በእጅ የሚያዝ የነፋስ መለኪያ አለ። ሐረር ከሸዋ በር ውጭ አንድ ቤት ጣሪያ ላይ፣ እኔው ራሴ የላክሁትን ትንሽ የነፋስ ተርባይን አይቼ ላወርድ ነው።

ቤቱ የጋሽ ጌታሁን ነው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። በወጣትነቴ ሐረር በኤሌክትሪሺያንነት ስሠራ ግቢያቸው ውስጥ ባለች ሰርቪስ ቤት ሁለት ዓመት ተከራይቼ ኖሬያለሁ። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ከሥራ ስገባ "በልተሃል?" ሳይሉኝ ያለፈ ቀን አላስታውስም። ከሁለት ዓመት በፊት እትዬ ዘውዴን ሳንባቸውን አመማቸውና ቤታቸው ሆነው በኦክስጅን ማሽን እንዲረዱ ሐኪም አዘዘ። ማሽኑ የሚሠራው በመብራት ነው፤ መብራቱ ደግሞ ይጠፋል። ጋሽ ጌታሁን ደወሉልኝ።

"ሰለሞን፣ አንተ የምታውቀው ነገር ነው። ምን ላድርግ?"

አዳማ ባለችኝ ትንሽ ሱቅ የፀሐይ ፓነልና የውሃ ፓምፕ እገጥማለሁ። በዚያ ሰሞን አንድ ደንበኛ ካስመጣ በኋላ ሐሳቡን የቀየረበት ተርባይን ሱቄ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሦስት ክንፍ ያለው፣ ካርቶኑ ላይ አራት መቶ ዋት ተብሎ የተጻፈበት። "ሐረር ከፍታ ላይ ናት፣ ነፋስ አታጣም" አልኳቸው። ቦታውን ሄጄ አላየሁም። ከባትሪና የባትሪውን ኃይል ለቤት መብራት ከሚቀይር ኢንቨርተር ጋር በአውቶቡስ ላክሁላቸው፤ እዚያው ያለ አንድ በያጅ ጣሪያው ላይ ተከለው።

እትዬ ዘውዴ አምና አረፉ። መብራት በጠፋበት ቀን ነው። እኔ ያን ጊዜ ሩቅ አገር ሥራ ላይ ስለነበርኩ ለቀብር አልደረስኩም። ከዚያ በኋላ ደግሞ መሄዱ እየከበደኝ፣ ዛሬ ነገ ስል ዓመቱ አለቀ።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ጌታሁን ራሳቸው ደወሉ። ድሬ ጠያራ የሚኖር አህመድ የሚባል ገበሬ ወዳጃቸው ተርባይኑን ለቤቱ ፈልጎታል። "አንተ ሳታየው ለሰው አልሰጥም። ናና ይጠቅመው እንደሆነ ንገረን" አሉኝ።

መተሐራንና አዋሽን በጠዋቱ አለፍን። ሚኤሶ ስንደርስ ሙቀቱ በመስኮት ይገባ ጀመር። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ መለኪያዬን በእጄ ሳገላብጥ አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ።

"ነፋስ መለኪያ ነው እናቴ።"

"ነፋስም ይለካል እንዴ?"

"ይለካል።"

"ለካስ የማይለካ የለም" አሉና ከፌስታላቸው ሁለት ብርቱካን አውጥተው አንዱን ሰጡኝ።

ጭሮ ላይ ምሳ ቆምን። ሽሮዬን ግማሹን ትቼ ተነሳሁ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ላይ ነው፤ ሂርና፣ ቁልቢ፣ በየዳገቱ እርከን በእርከን የተሠራ የማሽላና የጫት ማሳ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ማሳውን አይ ነበር። አሁን ግን ዓይኔ የሚፈልገው የዛፍ ጫፍ ነበር፤ የትኛው ይወዛወዛል፣ የትኛው ዝም ብሏል እያልኩ። ቁልቢ ላይ ባህር ዛፎቹ ጎንበስ ይላሉ። አወዳይ ጫት የሚጭኑ መኪኖች መንገዱን ዘግተው ቆምን፤ እዚያ ደግሞ ቅጠል አይነቃነቅም። ሐረር የደረስነው አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው።

ጋሽ ጌታሁን መናኸሪያ ድረስ መጥተው ጠበቁኝ። ከስተዋል። ሦስት ጊዜ ስመውኝ ሻንጣዬን ሊቀበሉኝ ታገሉ። ነፍስ ይማር ስላቸው "ይሁን፣ ይሁን" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ዓርብ፣ ጣሪያው ላይ

ጠዋት መሰላል ደግፈው ያዙልኝና ወጣሁ። ጣሪያው ላይ ቆሜ መጀመሪያ ያየሁት ከምሥራቅ በኩል ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ነው። ይህ የጎረቤት ሕንፃ ከተርባይኑ በላይ ሁለት ፎቅ ያህል ይወጣል። ነፋሱ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። ተርባይኑ ግንብ ሥር እንደተተከለ ችግኝ ሆኖ ቆሟል።

ሁለተኛ ያየሁት ክንፎቹ በሲባጎ ገመድ ከምሰሶው ጋር መታሰራቸውን ነው።

"ጋሼ፣ ማን ነው ያሰረው?" ብዬ ወደ ታች ጠየቅሁ።

"ና ውረድ" አሉ።

ስወርድ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

"እሱ ነገር ሲዞር ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል" አሉ። "ቀን ቀን ግድ የለም። ሲመሽ ግን ዘውዴ 'ጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞር ይመስለኛል' አለችኝ። ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣች። አንድ ቀን እንኳን ትረፍ ብዬ ወጥቼ አሰርኩት። በማግስቱ ከሰዓት መብራት ጠፋ።"

ቀና ብለው ወደ ጣሪያው አዩ።

"ባትሪው ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ቆመ። ወጥቼ ልፍታው ወይስ እሷን ልያዝ? ባጃጅ አስጠራሁ። ክንዴ ላይ እንዳለች ሆስፒታሉ በር ሳንደርስ..." መዳፋቸውን አዩት። "እኔ ነኝ ያሰርኩት ሰለሞን። ለልጆቻችንም አልነገርኩም። እስከ ዛሬ ልፈታው ወጥቼ አላውቅም።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ማወቅ ያለብኝን አውቄ ነበር። ጣሪያው ላይ መለኪያዬን ዘርግቼ ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ፤ ቁጥሩን አይቻለሁ። ወደ ጣሪያው ከመውጣቴ በፊት መኝታ ቤት ገብቼም ባትሪውን አይቻለሁ። ባትሪው የተቀመጠበት ቦታ ከግድግዳው ሶኬት አንድ እርምጃ ነው። አንድ እርምጃ። አፌ ግን ያወጣው ይህን ነው፦ "ነገ ድሬ ጠያራ ለክተን ሁሉንም አንድ ላይ እናወራለን ጋሼ።"

ቀኑን ሙሉ ፈረስ መጋላ አደባባይ ዞርኩ። አንድ ካፌ ገብቼ ሻይ አዘዝኩና ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ወደ ቤት ስመለስ እሳቸው እራት አቅርበው ይጠብቁኝ ነበር፤ "በልተሃል?" አሉኝ በእትዬ ዘውዴ ፋንታ።

ቅዳሜ፣ ድሬ ጠያራ

አህመድን ጊደር መጋላ ገበያ አገኘነው። ማሽላውን ሸጦ ጨርሶ ባዶ ጆንያውን ያጥፋል። ጋሽ ጌታሁንን ሲያይ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ።

"አሰላሙ... እንደምን አደሩ መምህር? ሰውዬው ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው" አሉ።

"አልሃምዱሊላህ! እኔ እኮ ነገሩን ያየሁት ገና ሲተከል ነው። ወተት ላደርስ ስመጣ ሲዞር አይና ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቤቴ ላይ ቢኖር እላለሁ።"

በባጃጅ ሄደን የቀረውን በእግር ወጣን። የአህመድ ቤት ጉብታ ጫፍ ላይ ናት፤ በዙሪያዋ ዛፍ የለም፣ ታች ማሳው ወለል ብሎ ይታያል። ባለቤቱ ሆጃ የሚሉትን የወተት ሻይ አመጣችልን። ከሰዓት ነፋስ ተነሳ። የአህመድ ሽርጥ ይውለበለባል።

"አየህ?" አለኝ ደስ ብሎት። "እዚህ ነፋስ ሞልቷል።"

መለኪያውን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። በሰከንድ አምስት ሜትር አካባቢ አሳየ። ለሰው ፊት ጥሩ ነፋስ ነው።

"አህመድ፣ ልንገርህ" አልኩት። "ካርቶኑ ላይ አራት መቶ ዋት የሚለው፣ ቆርቆሮ ሊገነጥል በሚደርስ ነፋስ ነው። በዚህ ነፋስ የሚሰጥህ ሃያ ዋት አይሞላም።"

"አንድ አምፖል ማለት ነው?"

"ሁለት ትናንሽ አምፖል ቢሆን ነው፤ ያውም ነፋሱ እስካለ። ለዚያ ብለህ ረጅም ምሰሶ ትተክላለህ፣ በየጊዜው ወጥተህ ታጠብቃለህ፣ ጩኸቱን ችለህ ትተኛለህ። የፀሐይ ፓነል ግን ጣሪያህ ላይ ዝም ብሎ ይተኛል። ፀሐዩ ደግሞ ይኸው ሞልቷል።"

አህመድ ፊቱ ቅር አለው። "ሲዞር እኮ አይቻለሁ" አለ ቀስ ብሎ።

"መዞሩ እውነት ነው። ሲዞር ማየት ነው እኔንም ያታለለኝ።"

ጋሽ ጌታሁን የሻይ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጡ።

"ነፋሱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱም በግማሽ ነው የሚቀንሰው?" ብለው ጠየቁኝ።

"አይደለም ጋሼ። በስምንት እጥፍ ነው።"

"ኪዩብ ነዋ፤ ሁለት በሁለት በሁለት።"

"ኪዩብ ነው።"

ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ እየጻፈ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ላይ እንደጻፉት። "ትናንት የእኔ ጣሪያ ላይ ምን ያህል አገኘህ?"

"የዚህን ግማሽ።"

"ስለዚህ ሁለት ዋት።"

"እሱም ከዞረ ነው።"

"የዘውዴ ማሽን ስንት ይፈልጋል?"

"ሦስት መቶ ሃምሳ።"

ጣታቸው ቆመ። አህመድ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያል። ነፋሱ አሁንም ይነፍሳል።

"ታዲያ ባላስረውስ?"

"ምንም ለውጥ አልነበረውም ጋሼ። ባትሪውን ሞልቼ ነበር የላክሁት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሠራው በዚያ ነው። ከዚያ በኋላ መብራት በጠፋ ቁጥር እየጎደለ ሄደ፤ ተርባይኑ ሊተካው አልቻለም። ታሰረም አልታሰረም ያን ቀን ባትሪው ሊያልቅ ደርሶ ነበር።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሱም። ሲከፍቱት ቀጥ ብለው አዩኝ።

"ታዲያ ለምን ላክህልኝ?"

ይህን ጥያቄ ከአዳማ ጀምሮ ስጠብቀው ነበር። "ላግዝዎ ፈልጌ ነው። ሱቄ ውስጥ ስለነበረ ነው። ሳላሰላ፣ ሳላይ ላክሁት።"

"መላክ የነበረብህ ምን ነበር?"

ልዋሽ እችል ነበር። ማንም አያውቅም። "ቻርጀር" አልኩ። "መብራት ሲኖር ከሶኬቱ ባትሪውን የሚሞላ ቻርጀር። አንድ ተጨማሪ ባትሪም። መብራቱ እስኪመለስ እትዬ ዘውዴን ያቆያቸው ነበር።"

"ቻርጀር" አሉ፣ ቃሉን እንደ አዲስ ሰው ስም እየሞከሩ። "ተርባይኑን ስትልክልን ዘውዴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ አሳየች፤ ሰለሞን ላከልኝ እያለች።"

"ጋሼ፣ ይቅር..."

እጃቸውን አነሱ። "አሁን አይደለም።"

ተነስተው ማሳው ጫፍ ድረስ ብቻቸውን ሄዱ። አህመድ ተከትሏቸው ሊሄድ ብድግ አለና ተመልሶ ተቀመጠ። "አላህ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጣቸው" አለ። ከዚያ ምን ምን እንደሚጠቀም በሹክሹክታ ጠየቅሁት፤ ሦስት አምፖል፣ ሁለት ስልክ፣ አንድ ሬዲዮ። የሚበቃውን ፓነል ራሴ ይዤ መጥቼ እንደምገጥምለት ቃል ገባሁ። ጻፍኩት። ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ነው።

ሲመሻሽ ከተማ ተመለስን። ብርሃን ሳለ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ጋሽ ጌታሁን ታች መሰላሉን ይዘው ቆመው ያዩኛል። ሲባጎውን በካራ ቆረጥኩት። ክንፎቹ አልተንቀሳቀሱም። ሁለታችንም ጠበቅን፤ ለምን እንደጠበቅን አላውቅም። ምንም አልሆነም። መፍቻዬን አውጥቼ ብሎኖቹን መፍታት ጀመርኩ።

እሑድ፣ ወደ ቤት

መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ያልተናገርነው ነገር መሃላችን ነበር። አልሳሙኝም፤ እጄን ጨበጡኝና "በሰላም ግባ" አሉኝ። ረዳቱ ተርባይኑን አውቶቡሱ ላይ ሲጭን "ምንድነው፣ ቬንትሌተር ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት። ለሌላ ሰው ተሽጦ ሌላ ጣሪያ ላይ እንዳይወጣ ነው የምወስደው፤ ሱቄ ውስጥ ፈታትቼ መዳቡን አወጣለሁ።

መንገዱን ሙሉ አሰብኩ። በትንሽ ቤት ጣሪያ ላይ የነፋስ ተርባይን ይጠቅማል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ከእንግዲህ መልሴ ይህ ነው፦ ከተማ ውስጥ፣ በግንብና በፎቅ መሃል፣ አይጠቅምም። ዛፍ በሌለበት ገላጣ ቦታ፣ ከቤቱ ርቆ በረጅም ምሰሶ፣ ነፋሱም ዓመቱን ሙሉ ከተለካ በኋላ፣ ምናልባት። ለብዙ ቤት ግን ፀሐይ ይሻላል፤ ከሁሉም በፊት ደግሞ ምን እንደሚሰካበት መጠየቅ። እኔ ይህን ሁሉ ያኔም አውቀው ነበር። የጎደለኝ እውቀት አይደለም፤ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄዶ ማየት ነው። እንደ ሐሙሱ የአንድ ቀን መንገድ ብቻ። እትዬ ዘውዴ በሕይወት ሳሉ ያን መንገድ አልሄድኩትም።

አዳማ ስገባ መሽቷል። ባለቤቴ እቃዬን እየተቀበለችኝ ሳለ ስልኬ ጠራ። ጋሽ ጌታሁን ናቸው።

"ገባህ?"

"ገባሁ ጋሼ።"

ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

"ትናንት ማታ ተኛሁ" አሉ። "እሷ ከሞተች ጀምሮ ገመዱን ሳላስብ የተኛሁት ትናንት ነው። ይህን ልነግርህ ነው የደወልኩት።"

"እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ።"

"ስለ ቻርጀሩ ግን" አሉና ቆሙ። "ስለ ቻርጀሩ ጊዜ ስጠኝ።"