ሳይሞት ስጡት

ከጎንደር እስከ ማክሰኝት ቤት ለቤት ቢፈለግ፣ እንደ እኔ ለአባቱ ቤት የሠራ ልጅ አይገኝም። ግንበኛን ሁሉ ያስናቀ፣ አገር የተደመመበት ሥራ ነው የሠራሁት። ሲታይ ግን ሁለት ብረትና መሀሉ የተበሳ ወንበር ነው። ወንበሩም የጎረቤት ነበር።

ነገሩ የመጣው በክረምት ነው። የአባቴ ቤት ቁልቁለት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ሽንት ቤቱ ከግቢው ታች፣ የድንጋዩ ደረጃ ሲያልቅ ይገኛል። ዝናብ ሲጥል ያን ደረጃ ፍየል እንኳ ጸልያ ነው የምትወርደው። አባቴ አንድ ጠዋት ተንሸራተተና ዳሌውን ተመታ። ከዚያ ወዲያ የእኔን ትከሻ እየተደገፈ ይወርድ ጀመር፤ ታች ሲደርስ ደግሞ ጉልበቱ አልታጠፍ አለው። ባሕር ዳር ያለችው እህቴ ይህን ሰምታ መጣችና ቁርጡን ነገረችኝ። ለመስቀል ስትመለስ አባታችን ያለ ሰው እርዳታ ሽንት ቤት ደርሶ መመለስ ካልቻለ ይዛው ትሄዳለች። አባቴ፣ እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በዚያ ቤት ያለነው እሱና እኔ ብቻ ነበርን። ሚስቴ ቀልዴን ለብዙ ዓመት ታግሣ፣ አንድ ቀን ሳትስቅ ሄዳለች።

የመደገፊያ ብረት፣ የሲሚንቶና የበያጅ ዋጋ ባጠያይቅ፣ የነገሩኝ ገንዘብ ቤተ መንግሥቱን ከነግንቡ የሚያሳድስ ነበር። ቴሌቪዥናችንን ሸጥኩት። ሲሚንቶውንና የበያጁን ቻለ፣ ብረቱ ቀረ። ያኔ ነው እድሩ ትዝ ያለኝ። አባቴ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ወር ጠብቆ ከፍሏል፤ ሲሞት ለቤተሰቡ የሚሰጥ ገንዘብ አለ። እሑድ ስብሰባው ላይ ተነሣሁና ያንን ገንዘብ አሁኑኑ ስጡን አልኩ። ሰው ሁሉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። በቀልደኛነት ስም ማውጣት ጉዳቱ ይኼ ነው፤ የምር ሲቸግርህ የሚያምንህ የለም።

የእድሩ ዳኛ ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ ይህ እድር የቆመው ለሞተ ሰው ነው» አሉ። «አባትህ ደግሞ፣ ተመስገን፣ አለ።»

«እኔስ ምን አልኩ፣ አያ? ሳይሞት ስጡት ነው የምለው።»

ከኋላ አንዱ፣ ምነው፣ የአባቱን ቀብር በቁሙ ሊበላው ነው እንዴ አለ። ሌላው፣ ለአንድ ሰው ከተሰጠ ነገ ሁላችንም ወገቤን እያልን እንሰለፋለን አለ። ክርክሩ ምሳ ሰዓት ነካ። ገንዘቡ አልተፈቀደም። ስብሰባው ሲበተን ግን ዳኛው ክንዴን ይዘው ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ወሰዱኝ። አዲስ ድንኳን ከተገዛ ወዲህ የአሮጌው ድንኳን ብረቶች ጥግ ላይ ተጋድመው ነበር። ሁለት ደህና ደህናውን መርጠው ሰጡኝ። እናቴን ያለቀስንላት በዚያ ድንኳን ሥር ነው።

በያጁ ብረቶቹን ከደረጃው ዳር ተከላቸው። ከጎረቤት የተዋስኩትን ወንበር መሀሉን አስበስቼ ጉድጓዱ ላይ አስቀመጥኩት፤ ጎረቤቴ እስካሁን ወንበሬን መልስ አላለኝም። አባቴ ብረቱን ሲያይ ወዲያው ዐወቀው፤ በስንቱ ለቅሶ ተደግፎት ተቀምጧል። ዳበስ ዳበስ አደረገና፣ «ድንኳኔን ከወዲሁ ጣልክልኝ» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ለመስቀል እህቴ መጣች። አባቴ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ብረቱን ጨብጦ ወረደ። እኔ ከላይ ቆሜ የማትሪክ ውጤቱን የሚጠብቅ ተማሪ መስያለሁ። ቆየ። ከዚያ ብቻውን ወጣ፤ ላቡን ጠረገና ደረቱን ነፋ። እህቴ እንባዋ መጣ፤ እንግዲያው አላስቸግረውም፣ እዚሁ ይሁን አለች። አሸነፍኩ አልኩ በልቤ።

አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጦ ጥቂት አሰበ። «ተሸክማችሁ ልትወስዱኝ ብትሉ አልሄድላችሁም ነበር» አለ። «በእግሬ መሄድ ከቻልኩማ፣ እስቲ ልሂድና የልጅ ልጆቼን ልያቸው።»

በማግስቱ ማኪና ተሳፈሩ። ለሳምንት ነው ብሎኝ ነበር፤ ይኸው ጥምቀት አልፎ ጾም ገባ። ስደውልለት ሸጋ ነኝ ይለኛል፤ የቀረውን የልጆቹ ጫጫታ ይውጠዋል። ብረቱ እንዳይዝግ ቀለም ቀብቼዋለሁ። ወንበሩንም አልፎ አልፎ አጥበዋለሁ።

ያን ሁሉ የለፋሁት ለእሱ ብቻ አልነበረም። ጸጉሬ ሸብቷል፣ ቤት ውስጥ ብቻዬን ማደር ግን እፈራለሁ። መብራት ሳላጠፋ ነው የምተኛው።