እኔ አፌን፣ አንቲ ድምፃቸውን

ልጄን የማስተኛት እኔ ነኝ ወይስ ጎረቤቴ? እስካሁን መልሱ ጠፍቶኛል።

የምንኖረው በሰው አገር፣ ቤሪያ የሚባል ሰፈር ነው። አጠገባችን ያሉት፣ አንቲ የምንላቸው ሴትዮ እዚህ ሱቅ ካለው ልጃቸው ጋር ሊኖሩ ከባንግላዲሽ የመጡ ናቸው። በወጣትነታቸው የገጠር ዘፈን ይዘፍኑ ነበር፤ ኋላ ለፊልም መዝፈን ጀመሩ። ተዋናይቷ አፏን ታንቀሳቅሳለች፣ ድምፁ ግን የሳቸው ነው። "ዘፈኔን አገር ያውቀዋል፣ ፊቴን ማንም አያውቀውም!" እያሉ ይስቃሉ።

ልጄ ደግሞ ቀን ቀን እያለቀሰች አልተኛም አለች። ታማብኝ ይሆን እያልኩ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። አንድ ቀን አንቲ ከግድግዳው ወዲያ ሲያንጎራጉሩ ዝም አለች። ሮጬ ጠራኋቸው። ፊታቸውን ስታይ ግን አገር ይያዝልኝ ብላ ጮኸች!

አንቲ ምንም ሳይደነግጡ መጋረጃ ጀርባ ገቡ።

"በይ ልጄ፣ አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ።"

እሳቸው ዘፈኑ፣ እኔ አፌን ከፈት ዘጋ አደረግኩ። ልጄ ከንፈሬን እያየች ድብን ብላ ተኛች። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው።

አሁን አንቲ አገራቸው ሊመለሱ ነው። በስልኬ ቀድቼ ብሞክር፣ ልጄ ስልኩን ካልያዝኩ ብላ እንቅልፉም ቀረ። በራሴ ድምፅ እሹሩሩ ስላት ደግሞ ማን ናት ብላ ታፈጥብኛለች። እናቶች፣ እስቲ ምከሩኝ፤ የአንቲን ቋንቋ፣ ቤንጋሊ ልማር?