በእስክሪብቶዬ የዳነው ዕድር

ዛሬ የሰፈራችን ዕድር ለሁለት ሊከፈል ሲል በእስክሪብቶዬ አዳንሁት።

አያ መኳንንት ስለ ጭቃው መንገዳችን ተነሥተው «መንግሥት ምንም አልሠራልንም» አሉ። ጎረቤታቸው አያ ጥላሁን «ምነው አንተ፣ ዓይን የለህም?» ብለው ተቆጡ። «ቀብሬ ላይ እንዳትቆም» እስከመባባል ደረሱ።

ጸሐፊው ስለቀረ ቃለ ጉባኤ የያዝሁት እኔ ነበርሁ። የማታ ትምህርት ከጨረስሁ ወር አልሞላኝም፤ ጽሕፈቴ ግን የዳኛ ነው። ፍጥነት ብቻ ትንሽ ይቀረዋል።

«ቆዩኝ፣ አልደረስሁም» አልሁ። «አያ መኳንንት፣ ‹ምንም› ብዬ ልጻፍ? መንገዱ ዳር የተከመረውን ድንጋይ ማን አመጣው?»

ትንሽ አሰቡ። «ድንጋዩንስ ቀበሌው አምጥቷል። አልተነጠፈም ነው የምለው።»

ይህንንም እስክጽፍ ሁሉም ጠበቀኝ። ጽፌ ጮክ ብዬ ሳነበው አያ ጥላሁን በርደው «እሱስ እውነት ነው፣ ዘግይቷል» አሉ።

ሰኞ ሁለቱም አብረው ቀበሌ ይሄዳሉ። ስለ ድንጋዩ አመስግነው፣ የሚነጠፍበትን ቀን ይጠይቃሉ።

ባለ ዲግሪዎች በቴሌቪዥን ሲከራከሩ አያለሁ። የጎደላቸው እንደ እኔ ቀስ ብሎ የሚጽፍ ሰው ነው።

በእናንተስ ሰፈር ስለ መንግሥት የተነሣ ጠብ በምን በረደ? እዚህ ጻፉልኝ። የሚሳደብ ካለ ግን ከነስሙ ቃለ ጉባኤ ላይ አሰፍረዋለሁ።