ሐቢባ የማታስተምረው ርዕስ

ልጄ ሜሮን ባለፈው ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሦስት የማስታወቂያ ወረቀቶች አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ገና ከፎቶ ኮፒው ማሽን የወጡ ስለነበሩ ያ ለብ ያለ፣ ትንሽ ያረረ የሚመስል የቀለም ሽታቸው ቤቱን ሞላው። ዘንድሮ የሁለተኛ ደረጃ ማብቂያ የሆነው ፎርም ፎር ላይ ናትና፣ የመጨረሻው ፈተና ከመድረሱ በፊት እኛ የኬንያ ሞያሌዎች «ቱዩሽን» የምንለውን የማጠናከሪያ ትምህርት የት እንደምትማር መምረጥ ነበረብን። አንደኛው ወረቀት ከናይሮቢ የሚመጡ አስተማሪዎችን ይደረድራል፣ ሁለተኛው በስልክ ስለሚሰጥ ትምህርት ያወራል፣ ሦስተኛው ደግሞ ፈተናው ላይ ምን እንደሚመጣ ከአውጪዎቹ ቀድሞ የሚያውቅ ይመስላል። እኔ መነጽሬን ሰክቼ እንደ ቁም ነገረኛ እናት ሦስቱን ሳነጻጽር ሜሮን ሳቀችብኝ።

«እማ፣ እነዚህን ያመጣሁት ማንበብ ስለምትወጂ ነው። እኔ መርጫለሁ። ቲቸር ሐቢባ ጋ ነው፣ ሱቋ ውስጥ» አለች። ከዚያም ጫማዋን እያወለቀች፣ «ሒሳብ ሁሉንም ታስተምራለች፤ አንድ ርዕስ ብቻ ትዘላለች አሉ» ብላ ጨመረችበት። የትኛውን ርዕስ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

እኔ ፎርም ፎር የነበርኩ ጊዜ፣ የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት፣ አባቴ ዋናው መንገድ ዳር ጎሚስታ ነበር። ከኢትዮጵያ በስደት ከመጣ በኋላ ዓለምን የሚያውቀው ጎማቸው በሚተነፍስባቸው የከባድ መኪና ሾፌሮች በኩል ስለነበር፣ እኔን የት እንደሚያስተምረኝም የመከረው ከእነሱ ጋር ነው። ልጆቻቸውን ካዩ ወራት ያለፋቸው ሰዎች ጎማ ላይ ተቀምጠው ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲከራከሩ መስማት ያስቅ ነበር፤ አባቴ ግን የጎማ ማውለቂያ ብረቱን እንደያዘ ከልቡ ያዳምጣቸዋል። ምርጫው ሁለት ነበር። አንዱ ከመሀል አገር መጥቶ አዳራሽ የተከራየ፣ ድምፁ እስከ ገበያው የሚሰማ ወጣት ነው። ሌላው ጡረታ የወጣ፣ ሁሉም በስዋሂሊ «ምዋሊሙ»፣ መምህሩ፣ የሚሉት ሽማግሌ ሲሆን፣ በቤቱ ጓሮ ባለች ክፍል አሥራ ሁለት ወንበር ነበረው፤ አሥራ ሦስተኛ ተማሪ ከመጣ ይመልሰዋል።

በመጨረሻ የመረጠልኝ ሾፌርም አባቴም አልነበረም፤ ሐቢባ ናት። ሐቢባ ከፎርም ዋን ጀምሮ አንድ ዴስክ የተቀመጥን ጓደኛዬ ነበረች። አባቷ የከብት ነጋዴ ስለነበር በዳበልና በጎዶማ መንደሮች ሲዞር ሳምንታት ይቆያል፤ እናቷ ታማ ከአልጋ ውላ ነበርና ከትምህርት ቤት መልስ እስኪመሽ የቤታቸውን ሱቅ የምትጠብቀው እሷ ነበረች። ቱዩሽኑ ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው። አላለቀሰችም፣ አልተማረረችም። «ሁለቱም ጋ አንዳንድ ቀን ሂጂና ደብተርሽን አሳይኝ» አለችኝ። የሁለቱን ቀን ደብተር ባንኮኒው ላይ ዘርግታ፣ በመሀል ሳሙናና ላምባ እየሸጠች፣ ቀስ ብላ አነበበችው።

«ይሄ ወጣቱ መልስ ይሰጣል፤ ሽማግሌው የት እንደተሳሳትሽ ይጠይቃል» አለች። «ሽማግሌው ጋ ትማሪያለሽ፣ እኔ ካንቺ እማራለሁ። ባሲ፣ አለቀ።»

እንዳለችውም ሆነ። ምዋሊሙ ጋ ተምሬ ስወጣ፣ ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቂያው ስትሄድ፣ በቀዩ አቧራ ውስጥ ሰው ጭነው የሚሮጡትን ቦዳ ቦዳዎች እየሸሸሁ ወደ ሱቁ እወርዳለሁ። ገና ደፉን ሳልረግጥ «ዛሬስ ምን አመጣሽልኝ?» ትለኛለች። ስኳር በሚጠቀለልበት ካኪ ወረቀት ላይ ስሌቱን እየጻፍን፣ ሰው ሲመጣ እያቋረጥን፣ የላምባው ሽታ ደብተሬ ውስጥ ገብቶ እስኪቀር ድረስ እንቀመጣለን። ምዋሊሙም ያውቅ ነበር። ትምህርቱን ሲጨርስ በእኔ በኩል ዞሮ «ለባለ ሱቋ ሚዛን ሳታጎድዪ አድርሺላት» ይለኛል፣ አሥራ አንዱም ይስቃሉ። የዚያን ጊዜ ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ከዚያ ትምህርት ቤቱ የሙከራ ፈተና ሰጠን። ሐቢባ በሒሳብ በለጠችኝ፣ ያውም በብዙ። ውጤቱን ለአባቴ ስነግረው ከጎማው ላይ ቀና ብሎ «ወንበሩ ላይ የተቀመጥሽው አንቺ፣ የተማረችው እሷ» አለና ሳቀ። ቀልዱን ነበር። እኔ ግን ያን ቀን እራት አልበላሁም። ቀናሁባት። ዛሬ ይህን ለመናገር ሌላ የሚያምር ቃል ብፈልግ አላገኝም፤ ከእኔ ተምራ ስለበለጠችኝ ቀናሁባት።

ቱዩሽኑ ሊጠናቀቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ምዋሊሙ የኬንትሮስና የኬክሮስን ስሌት ጀመረ። መሬት ላይ ባሉ ሁለት ቦታዎች መካከል ያለውን ርቀትና የሰዓት ልዩነት የሚጠይቀው ርዕስ ነው፤ ትምህርት ቤታችን አልደረሰበትም ነበር፣ እሱ ግን ይመጣል ብሎ ያምናል። አንድ ብርቱካን ይዞ በእስክሪብቶ መስመሮቹን ሁሉ አሰመረበት፣ ሞያሌንም በነጥብ አስቀመጠ። ስወጣ ብርቱካኑን እጄ ላይ አኖረና «በዚህ አሳያት፣ ቶሎ ይገባታል» አለኝ።

ቶሎ ይገባታል ማለቱ ነው ያናደደኝ። መንገድ ላይ ብርቱካኑን ልጬ በላሁት። የደብተሬንም ሁለት ገጽ ቀድጄ ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ጣቶቼ በቀለምና በብርቱካን ውሃ እንደተጨማለቁ ሱቁ ደረስኩ።

«ዛሬስ ምን አመጣሽልኝ?»

«ክለሳ ብቻ ነው። አዲስ ነገር የለም።»

ለአንዲት ሴት ስኳር እየመዘነች ነበር። «ሀያ እሺ፣ እንግዲያው የትናንቱን እንድገመው» አለችኝ፤ ምንም አልጠረጠረችም። በማግስቱም ያንኑ አልኳት። ከዚያ በኋላ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ፣ ነገው እየመጣ፣ አፌ እየተሳሰረ፣ ፈተናው ደረሰ።

ጥያቄው መጣ። ሁለት ከተሞች፣ አንድ አውሮፕላን፣ የሰዓት ልዩነት። እስክሪብቶዬ ሲሮጥ ቀና ብዬ ከፊቴ ሁለት ወንበር አልፋ የተቀመጠችውን ሐቢባን አየሁ፤ ክንዷ ሳይንቀሳቀስ ብዙ ቆየ፣ ከዚያ ገጹን ገለበጠችው። ውጪ ስንገናኝ «የመሬቱን ዘለልኩት። አንቺስ?» አለችኝ። «እኔንም ከብዶኛል» አልኳት።

ውጤት ሲመጣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን ሲ ፕላስ እኔ አገኘሁ፣ እሷ ከእኔ አንድ ደረጃ ዝቅ አለች። አንድ ጥያቄ ብቻውን ይህን አያደርግም እያልኩ ስንት ዓመት ደመርኩ ቀነስኩ። ናይሮቢ ሄጄ ነርስ ሆኜ፣ አግብቼ፣ ወልጄ ወደ ሞያሌ ተመለስኩ። ሐቢባ ሱቋ ውስጥ ቆየች፤ እስክሪብቶ ሊገዙ የሚመጡትን ልጆች አንድ ሁለት ስታስረዳ፣ ወሬው እየሰፋ የከተማው ልጅ ሁሉ ቲቸር ይላት ጀመር። በሰርግና በለቅሶ ሰላም እንባባላለን፣ ስለ ጤና እንጠያየቃለን። እጅና ጓንት የነበርን ሰዎች የምናወራው የዝናብ ጉዳይ ብቻ ሆነ።

ሐቢባ አዲስ ተማሪ ስትቀበል ወላጅ አብሮ ይምጣ ትላለች። ቅዳሜ ከሰዓት ሜሮንን ይዤ ሄድኩ። ባንኮኒው ያው የድሮው ነው፣ የላምባው ሽታም ያው። «ካሪቡ፣ ግቢ ቲጂ» አለችኝ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞራ «ከሒሳብ ርዕሶች አብልጠሽ የምትፈሪው የቱን ነው?» አለቻት።

«ኬንትሮስና ኬክሮስ» አለች ሜሮን ሳታቅማማ።

ሐቢባ የሚዛኑን ሰሃን በጨርቅ እየወለወለች ነበር። «እሱን እኔ አልተማርኩትም» አለች። «እሱ እናትሽ ጋ ነው ያለው።» ሜሮን ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኛ አልሳቅንም።

«መቼ አወቅሽ?» አልኳት።

«ፈተናው ባለቀ በሳምንቱ። ምዋሊሙ ሻይ ቅጠል ሊገዛ መጥቶ ‹ብርቱካኑ ረዳሽ ወይ?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«በጣም ረድቶኛል አልኩታ። አንቺን በሰው ፊት ላሳፍርሽ?»

ከዚያ ካኪ ወረቀት ቀዳ ከእስክሪብቶ ጋር ባንኮኒው ላይ ወደ እኔ ገፋችው። «ሳሳ፣ አሁንስ ምን አመጣሽልኝ?» አለችኝ፤ አለመቆጣቷ ነው አንጀቴን የቆረጠው። ክቡን ሣልኩ። በመሀሉ አግድም መስመር አሰመርኩ፣ ከላይ ወደ ታች ሁለት ቅስት ጨመርኩ፣ ሞያሌንም በነጥብ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልመጣልኝም። በምን እንደሚባዛ፣ ለምን እንደሚካፈል፣ ከየት እንደሚጀመር፣ አንድም። እሷን ከልክዬ ለራሴ ያስቀረሁት ነገር እኔም ዘንድ አልነበረም።

«ረሳሁት» አልኩ።

ሐቢባ ወረቀቱን ትንሽ አየችው። «እንግዲያው ሦስታችንም አናውቀውም» አለችና በእግሯ አንዱን በርጩማ ለልጄ፣ አንዱን ለእኔ ገፋ አደረገች። አንዲት ሴት ገብታ «ሱካሪ ኑሱ» ስትል ስኳሩን መዘነች፣ እኔ የሣልኩበትን ወረቀት አንስታ ግማሽ ኪሎውን በእሱ ጠቀለለችው፣ ሴትየዋም ይዛው ሄደች። ያኔ ለሐቢባ ለማስረዳት የሚያስፈልገኝ ጊዜ ይህን ስኳር መዝኖ ለመጠቅለል ከፈጀው ብዙም አይበልጥም ነበር።