በገብስ መጋዘን የተማሩት አናባቢ

ድሮ አልታዬ ስታስተምር መካነ ሰላም ገበያ ድረስ ይሰማ ነበር ይባላል። ይሄ እንኳ ግነት ነው። የእንግሊዝኛ አናባቢ ላይ ስትደርስ ግን ስልሳውን ተማሪ ባንድ ላይ ስለምታስጮህ፣ የጎን ክፍሉ የሒሳብ መምህር በፍቃዱ ጠመኔውን ጥሎ ይወጣ እንደነበር እውነት ነው። «አፍ ሳይከፈት እንግሊዝኛ የለም» ትላለች። አምስት ፊደል ጽፎ ሃያ ድምፅ የሚያወጣ ሕዝብ ምን ነክቶት እንደሆነ እሷም አታውቅም።

በኋላ አገሩ ታመሰ፤ ታጣቂዎች ማስተማር ስለከለከሉም ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። በሁለተኛው ዓመት ወላጆች መጥተው ለመኗት። ዘጠኝ ልጆች የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሊፈተኑ ነው። አንዷ የጎረቤቷ የጋሽ ሳዲቅ ልጅ ዘሊካ ናት፤ ከወደቀች እንደ እህቷ ዐረብ አገር መሄዷ ነው። አልታዬ እሺ አለች። በሳምንቱ ስልኳ ጠራ። ማንነቱን ያልተናገረ ሰው፣ ሳይቆጣ፣ «ታስተምራለች ሲባል ሰማን። ዳግም ብንሰማ በልጆቹ ላይ ለሚደርሰው ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ» ብሎ ዘጋው።

ሦስት ቀን እህል በአፏ አልዞረም። በአራተኛው ጋሽ ሳዲቅ መጡና፣ «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ የገብስ መጋዘኔ መስኮት የለውም፤ እኔ ከውጭ እቆልፍባችኋለሁ» አሏት።

መጋዘኑ ግን መንገድ ዳር ነው። ስለዚህ ያለ ድምፅ ማስተማር ጀመረች። ለረጅሙ «ኢ» ከንፈር ወደ ጆሮ ይለጠጣል፤ ለ«ኡ» እሳት እፍ እንደሚሉት ይሾላል፤ ለ«ኣ» ሁለት ጣት እስኪያስገባ ይከፈታል። ዘጠኝ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ትንፋሽ እንኳ አይሰማም። የተሳሳተውን ጉንጩን በጣቷ ነካ ታደርገዋለች። ልጆቹ ደህና ይዘውታል። እሷ ግን ኮቴ በሰማች ቁጥር ወደ በሩ ትዞራለች።

የፈሩት ይደርሳል። አንድ ረፋድ ኮቴዎች መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ምንድነው እዚህ ያለው?» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ።

«ገብስ ነው፣ ወላሂ» አሉ ጋሽ ሳዲቅ። መሐላው ውሸት አልነበረም፤ ገብሱም አለ።

በሩ ተገፋ። ዘሊካ አፏን ለ«ኣ» እንደከፈተች ቀርታለች፤ መዝጋቱንም ፈርታዋለች። እንባዋ በጉንጯ ወርዶ አፏ ውስጥ ገባ። አልታዬ ልጆቹን አንድ በአንድ አየቻቸውና፣ ምን አባቴ ነክቶኝ ሰበሰብኳቸው ስትል ራሷን ረገመች። በሩ አልከፈት ሲል፣ መሐላውን አምነው ነው መሰል፣ ኮቴዎቹ ሄዱ።

ፈተናውን ዘጠኙም አለፉ፤ የዘሊካ ዐረብ አገርም ቀረ። በመስከረም አገሩ ተረጋግቶ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ ዘጠነኛ ክፍልን አልታዬ ያዘች። የመጋዘኑ ልጆች ከፊት ተቀምጠዋል። በጉጉት ስትጠብቀው የከረመችው ቀን ነው። «ከኔ ቀጥሎ፣ ጮክ ብላችሁ» አለችና «ኣ» አለች። ከኋላ ያሉት ክፍሉን አናጉት። ዘጠኙ አፋቸውን ልክ እንዳስተማረቻቸው ከፈቱ፤ ድምፅ ግን አላወጡም።

«አብሽሩ፣ አሁን እኮ ችግር የለም። በሉ ጩኹ» አለቻቸው።

ወደ ዘሊካ ቀርባ ጎንበስ አለች። «ምነው ዘሊካዬ፣ ለራስሽ ፈርተሽ ነው?»

ልጅቱ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀችና በሹክሹክታ፣ «እኛ ስንጮህ እርስዎን ቢወስዱዎትስ?» አለቻት።