የስልሳ ሰባቷ ቮልስ

አሰላ ተመድቤ ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። ሥራዬ ጥርስ መሥራት ነው። ነቃይ አይደለሁም፤ ሐኪሙ ነቅሎ፣ የድዱን ልክ ወስዶ ይልክልኛል፣ እኔ ከጀሶ፣ ከሰምና ከአክሪሊክ ጋር ስታገል እውላለሁ። የምኖረው ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት አስተማሪዎች ግቢ ውስጥ፣ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነው። ባልየውን አባባ፣ ሚስትየዋን እማማ እላቸዋለሁ። እነሱ ልጄ ይሉኛል፤ አባባ ጨዋታ ሲያምራቸው ደግሞ ያንኑ በኦሮምኛ «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል።

እዚህ ግቢ የገባሁ ሰሞን ልቤን የነካው ነገር እማማ ባላቸውን «እርስዎ» ማለታቸው ነበር። «ምሳዎ ቀርቧል»፣ «ብርድ ነው፣ ጋቢዎን ይደርቡ»፣ «ሬዲዮኑን ይቀንሱልኝ»። አባባ ግን እሳቸውን «አንቺ» ነው የሚሏቸው። እንዲህ ያለ መከባበር ዘንድሮ የት ይገኛል ብዬ ለእናቴ በስልክ አወራሁላት። እናቴ በነገሩ ቀናች መሰለኝ፣ አባቴን ሁለት ቀን ሙሉ «እርስዎ» ስትለው ከረመች፤ በሦስተኛው ቀን «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ሲጠይቃት ተወችው። አባቴ ከኔ ይልቅ ነገር ይገባዋል።

ከሥራ ውጪ ያለኝ ሱስ ትንንሽ መኪና መገጣጠም ነው። ቁርጥራጩ በካርቶን ታሽጎ ይመጣል፤ ተቆርጦ፣ ተሞርዶ፣ ተጣብቆና ቀለም ተቀብቶ ከእውነተኛው ሃያ አራት ጊዜ ያነሰ መኪና ይወጣዋል። የጥርስ ሙያ ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ ሞረዱም፣ ትንሿ መሰርሰሪያም፣ ትዕግሥቱም ያው ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ባልደረባዬ ውጭ አገር ለስልጠና ሄዶ ሲመለስ የቮልስ ካርቶን አመጣልኝ። ላዩ ላይ የ1966 ሞዴል ይላል። ለደህና ቀን ብዬ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጥኩት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባባ ውሃ መጣ ሊሉኝ ብቅ ብለው ካርቶኑን አዩት። ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ስለሆነ ሥዕሉን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና በሩን ግፊው አሉኝ።

በተጋቡበት ዓመት፣ በሁለቱም ደሞዝ፣ አንዲት ቮልስ ገዝተው ነበር። የሚነዷት እማማ ነበሩ። አባባ ፍሪሲዮን አለቃቀቅ እስከ ዛሬ አልሆነላቸውም፤ የእሳቸው ሥራ ጎን ተቀምጦ በግ እንዳይገባ መንገድ ማየት ነበር። እማማ ጎበሳ የምትኖረውን እህታቸውን ለመጠየቅ ያንን ጭቃ እየሰነጠቁ ሲሄዱ ባለጋሪው ሁሉ ቆሞ ያሳልፋቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ ይህችው እህታቸው ወለደች። ክረምት ስለነበር እማማ በአውቶቡስ ሄደው አንድ ወር ቆዩ። አባባ በዚያ አንድ ወር ውስጥ ቮልሷን ሸጠው ኦጎልቾ ላይ የአንድ ወፍጮ ቤት ሸሪክ ሆኑ። ወፍጮው ዓመት ሳይሞላው ቆመ።

እማማ ሲመለሱ አልጮኹም፣ አላለቀሱም። መኪናዋ ትቆምበት የነበረውን ቦታ አይተው ገቡና ባላቸውን «ደህና ቆዩ?» አሏቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ «አንተ» ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

«አክብሮት መስሎሽ ነበር?» አሉኝ አባባ። «ቅጣት ነው እኮ፣ ልጄ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በገዛ ቤቴ እንግዳ ነኝ።»

ለእናቴ ያወራሁት ሁሉ ትዝ አለኝና አፈርኩ። አባባ ቀጠሉ። ግንቦት ላይ ከተጋቡ ሃምሳ ዓመት ይሞላቸዋል፤ ልጆቻቸውም ይመጣሉ። ይህችን የካርቶን ቮልስ የነሱኑ አስመስዬ እንድሠራላቸው ለመኑኝ። ይቅርታ በቃል ብዙ ጊዜ ጠይቀው አልሆነላቸውም። ሞዴሏ ስልሳ ሰባት ነው አሉኝ፤ ቀለሟ ውሃ ሰማያዊ።

የአንድ ዓመት ልዩነት ምን አላት ብዬ ተቀበልኩ። ስልኬ ላይ ፎቶ እያየሁ ሳጣራ በስልሳ ስድስቷና በስልሳ ሰባቷ መካከል ያለው ለውጥ ጥቂት ነው፤ የኋላው የሞተር ክዳን ትንሽ ቅርጹ ይለወጣል፣ ጎኗ ላይ የሚሄደው የብር መስመር ይቀጥናል። የራሳቸውን መኪና ፎቶ እንዳላይ ያለው የሰርጉ ብቻ ነው፤ እሱም እማማ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ መጠየቁ ራሱ ምሥጢሩን ያወጣዋል። ስለዚህ በአባባ ቃል ተማምኜ ሦስት ሳምንት ሠራሁ። ክዳኑን ሞርጄ በአክሪሊክ ደለደልኩት። መስመሩን ከማስቲካ ብር ወረቀት በምላጭ ቆርጬ ለጠፍኩት። ቀለሙን ሦስት ጊዜ ቀላቅዬ ሦስት ጊዜ ደፋሁ፤ አባባ ቀለም አጥርተው ማየት ስለማይችሉ «እንደ ጥምቀት ሰሞን ሰማይ» ብለው ነበር የነገሩኝ፣ እኔም የጥምቀት ሰሞን ሰማይ ቁጥር እንደሌለው ያወቅኩት ያኔ ነው።

በዚህ መሐል እማማ ነገር ጠረጠሩ። አባባ ከምሳ በኋላ እኔ ክፍል ይገባሉ፣ ከክፍሌ የአክሪሊክ ሽታ ይወጣል። ልብስ ሳሰጣ ጠጋ ብለው፣ «ጥርስ እያሠሩ ነው አይደል?» አሉኝ። «ለኔ መንገር አፍረው ነው፤ ሥሪላቸው፣ ግን በጣም አታንጪው፣ በዚህ ዕድሜ አያምርም» አሉ። አዎም አላልኩ፣ አይደለምም አላልኩ። እማማ ዝምታዬን እንደ አዎ ወስደው፣ ከዚያ ወዲያ ለአባባ የሚቀርበውን ቆሎ አስቀሩባቸው። አባባ ስለ ቆሎው እስከ ዛሬ ያኮርፉኛል።

ለበዓሉ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ጨርሼ ጠራኋቸው። አባባ መኪናዋን ያዩዋት በእጃቸው ነው። ጣሪያዋን ከፊት ወደ ኋላ ዳሰሱና ፈገግ አሉ። በሮቿን ነኩ፣ ጎማዎቿን አሽከረከሩ። አውራ ጣታቸው የኋላ መብራቷ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ።

«ማሊ ኩኒ?» አሉ። ምንድን ነው ይሄ ማለታቸው ነው።

የነሱዋ የኋላ መብራት ትልቅ፣ ክብ ነበር። ይህ ጥፍር የሚያህል ነገር የሌላ ሰው መኪና ነው አሉ። የግራውን መብራት ድንጋይ ሰንጥቆት፣ እማማ በቀይ ፕላስቲክ አጣብቀውት እስከ መጨረሻው ነድተዋታል፤ ያንን እንዴት ይረሱታል? እኔም ስልኬን አወጣሁና በስልሳ ሰባት ሞዴል ላይ እንዲህ ያለ መብራት የለም ብዬ ተከራከርኩ። አባባ «መኪናዋን ያየኋት እኔ ነኝ ወይስ ስልክሽ?» አሉኝ። ይኼኔ አንድ ነገር ሽው አለብኝ።

«አባባ፣ ስልሳ ሰባት ያሉኝ በኛ ነው በፈረንጅ?»

«በማን ሊሆን ነው?» አሉ ተቆጥተው። «የተጋባንበት ዓመት ነው። እኔ በፈረንጅ አላገባሁም።»

ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ። «በኛ ነው በፈረንጅ?» ሥራ ቦታ በቀን አሥር ጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ ነው፤ ታካሚ የተወለደበትን ዓመት ሲነግረኝ፣ የዕቃ ማብቂያ ቀን ሲነበብልኝ፣ ሳልጠይቅ አልፌ አላውቅም። የመኪና ሞዴል ግን መቼም በፈረንጅ ነው የሚቆጠረው ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። አባባ ደግሞ መኪናዋን የሚቆጥሯት በሰርጋቸው ነው። የኛ ስልሳ ሰባት መስከረም ሲጠባ በፈረንጅ ገና ሰባ አራት ነበር። ካርቶኗ ውስጥ የመጣችው ቮልስ አንድ ዓመት ሳይሆን ስምንት ዓመት መሻገር ነበረባት፤ በስምንት ዓመት ውስጥ ደግሞ ያልተለወጠ ነገር የላትም።

ለእማማ ያንን ብንሰጣቸው ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ሳስበው እስካሁን ይዘገንነኛል። «መኪናዬን ሸጡ፣ አሁን ደግሞ መልኳንም ረሱት» ማለታቸው አይቀርም። ከዚያ ወዲያ «አንተ»ን ተስፋ ማድረግ ዘበት ነው። አባባም ይህ ገብቷቸው ድምፃቸው ወረደ፤ ይቅር፣ ሻርፕ እገዛላታለሁ አሉ። እኔ እልኸኛ ነኝ። ሻርፕ ሲሉ ጭራሽ ባሰብኝ። በማግስቱ የዓመት ፈቃድ ሞላሁ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ የቤተሰብ ጉዳይ ብዬ ጻፍኩ።

ቀለሙን በሙሉ አጥቤ አወረድኩት። የፊት መብራቶቿ ተንጋለው ሰማይ ሰማዩን ያዩ ነበር፤ በሰባ አራቷ ግን ቀና ብለው መንገድ ነው የሚያዩት፣ ስለዚህ ሁለቱንም ቆርጬ በአዲስ አክሪሊክ አቆምኳቸው። ጎባባውን ፓራውልት ጥዬ ቀጥ ያለ ከፕላስቲክ ማስመሪያ ቆረጥኩ። ከጎን መስኮቶቹ ጀርባ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች የአየር ማስወጫ፣ በቀኝ በኩል ከፊት የቤንዚን ክዳን፣ ሞተሩ ላይ ተጨማሪ ሽንቁር፣ ሁሉም ገባላት። ያን ሰሞን ዝናቡ ስለማያቋርጥ ቀለሙ አልደርቅ እያለ አስቸገረኝ፤ በልብስ መተኮሻ ሙቀት አጠገብ ይዤ አደረቅኩት።

የኋላ መብራቶቹን በመጨረሻ ሠራኋቸው። ልክ እንደ ጥርስ፣ ከሰም ቀርጬ፣ ጀሶ አፍስሼበት፣ ሰሙን አቅልጬ፣ ለድድ የምንጠቀምበትን ሮዝ አክሪሊክ ሞላሁበት። ከዚያ በቀይ የጥፍር ቀለም አቀላሁት። መብራቷ ከሰው ድድ የተሠራ ቮልስ ከአሰላ ሌላ የትም ያለ አይመስለኝም። አባባ አጠገቤ ተቀምጠው በጣታቸው እየለኩ «ጨምሪ፣ ጨምሪ፣ በቃ» ይሉኝ ነበር። የግራው ላይ በመርፌ ስንጥቅ አወጣሁና በላዩ ቀይ ፕላስቲክ ፀጉር በሚያህል ስፋት ቆርጬ ለጠፍኩ። አባባ ያችን ስንጥቅ በጥፍራቸው ፈልገው ሲያገኟት ለረጅም ጊዜ ጣታቸውን አላነሱም።

የበዓሉ ቀን ልጆቻቸው ከአዲስ አበባና ከአዳማ መጡ፣ ጎረቤትም ተጠራ። ምሳ ተበልቶ ሲያልቅ አባባ ነጩን ካርቶን አቀረቡ፤ የተሠራ ጥርስ የምልክበት ካርቶን ነው፣ ሌላ ልኳ የሆነ አልነበረኝም። እማማ ካርቶኑን ሲያዩ በዓይናቸው ጠቀሱኝ።

«ጥርስዎ ለኔ ምን ያደርግልኛል፣ አፍዎ ውስጥ አይከቱትም?» አሏቸው፤ ቤቱ በሳቅ አለቀ። አባባ አልሳቁም። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፣ ጋቢውን ጨብጠውታል። እኔማ ያቺ መኪና እማማን ካላስደሰተች ኪራይ ቤት መፈለግ እንዳለብኝ ሁሉ አስቤ ነበር።

እማማ ካርቶኑን ከፈቱ። ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ መነጽራቸውን አስመጥተው አደረጉና መኪናዋን መዳፋቸው ላይ አስቀመጧት። ፊቷን አዩ፤ ጎንበስ ብለው መሪዋን በመስኮቱ አዩ። ልጆቹ ፎቶ ሊያነሱ ሲነሱ በእጃቸው ምልክት አስቀመጧቸው። ከዚያ አዙረው ጀርባዋን አዩ፣ የግራውንም መብራት ወደ ብርሃኑ አስጠጉት።

እማማ ቀና አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር፣ ግን ወደ አባባ ያዩት በንዴት ነው ቢባልም ያስኬዳል።

«ይህችን ስንጥቅ እንዴት አስታወስካት?» አሉ።

ልጆቹ ምንም አልተሰማቸውም፤ እንግዶቹም አልተሰማቸውም። ያች አንዲት «ካ» የገባችን ሦስታችን ብቻ ነን። አባባ ፊታቸውን እኔ ወዳለሁበት አዙረው፣ «ሰማሽ?» አሉኝ።