ስኳር የደረሰው ድንጋይ

በደርግ ጊዜ ነገሌ ከተማ፣ ቀበሌያችን ሱቅ ስኳር ሲመጣ ወረፋ የምንይዘው ድንጋይ አስቀምጠን ነበር። አንድ ጠዋት ከእኔ ፊት ያለው ትልቅ ድንጋይ ባለቤቱ ሳይመጣ ተራው ደረሰ።

“እለፊው እንጂ እትዬ፣ ድንጋይ ሻይ አይጠጣም” አለችኝ ከኋላዬ የቆመችው ሃሊማ።

ባለቤቱ ልጆች ቢኖሩትስ ብዬ ህሊናዬ እምቢ አለኝ። ባለሱቁም “ተራ ተራ ነው፣ ጓዲት” ብሎ የመጨረሻውን ስኳር ድንጋዩ ላይ አስቀመጠና መስኮቱን ዘጋ። የእኔ ልጆች ሻይ በጨው ሊጠጡ ነው።

ወዲያው አንድ አዛውንት ፍየል እየጎተቱ መጡ።

“ኦቦ፣ ወረፋው ያንቱ ነው?” አልኳቸው።

“የምን ወረፋ? ትናንት ደክሞኝ የተቀመጥኩበት ድንጋይ ነው።” ስኳሩን አንስተው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። “እንዲህ ካከበራችሁትማ ነገ ወንድሞቹንም አመጣቸዋለሁ።”